ባለ ዘውዱ ጥለት

የሕዝበ ውሳኔው ውጤት በሬዲዮ የተነገረ ዕለት ጠዋት ሽሮ ሜዳ ክው ብላ ቀረች። ዘውዱ በድምፅ ወረደ፤ አገራችን ሪፐብሊክ ሆነች! ጥይት አልተተኮሰ፣ መስኮት አልተሰበረ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሕገ መንግሥቱን አክብሮ የነገሠ ቤት እንዲሁ በሰላም ተሰናበተ። የእኔ ድንጋጤማ ሌላ ነው፤ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን ያራገፈው እኔ "ኧረ!" ብዬ ስጮህ ነው።

የሸማ ሱቄን ልከፍት ስወርድ ከጋሽ ቦጋለ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አካፋ ተሸክመዋል።

"ጋሽ ቦጋለ፣ በጠዋቱ አካፋ ለምንዎ ነው?"

"የሽመና ጉድጓዴን ልደፍነው ነው፣ መዝገቡ። ድሩንም እቆርጠዋለሁ። በቃኝ።"

ጋሽ ቦጋለ የቤተ መንግሥቱ ሸማኔ ናቸው። ባለ ዘውዱን ጥለት ከእሳቸው ቤት በቀር የሚሠራው፣ ከንጉሡ ቤተሰብ በቀር የሚለብሰው የለም። ሸማኔው ራሱ ለምሳ ሲነሣ በነጭ ጨርቅ ይሸፍነዋል እንጂ ትከሻው ላይ ጣል አያደርገውም፤ ነውር ነው። አሁን ተወጥሮ ያለው አልጋ ወራሹ ሲነግሡ ሊደርቡት የታዘዘ ኩታ ነበር። ገና ግማሹ ነው የተሠራው።

ተከትያቸው ገባሁ። በጉለሌ እንደ እኔ ያለ አስታራቂ አልተፈጠረም፤ ድመትና አይጥ አስታርቄ አብረው ሲያረጁ አይቻለሁ። የልጅ ልጃቸው ሩታ፣ የሕግ ተማሪዋ፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"አባባ፣ እባክዎ አይቸኩሉ።"

"ንጉሥ ይቀባል፤ ሹመቱ ከላይ ነው። ይኼን ፕሬዚዳንት የምትሉትን ማን ይቀባዋል?"

"እኛ ነና! ካልበጀን ደግሞ በምርጫ እናወርደዋለን።"

"እንደ ሚኒባስ 'ወራጅ አለ' እያላችሁ?"

"ታዲያስ! ሹፌሩ መንገድ ከሳተ አብረነው ገደል እንግባ?"

ሳቄን በጋቢዬ አፈንሁት። ሽማግሌው ግን አልተበገሩም።

"ለመሆኑ ንጉሡ ምን በደሉሽ?"

"ምንም። ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰው የደረሰን ግን በዕድል እንጂ መርጠን አይደለም። ከእሳቸው ዘር ነገ የሚወለደውን ማን ያውቀዋል?"

"ለአባቶቼ የበቃ ለእኔም ይበቃኛል!" ብለው መቀሱን አነሡና ወደ ድሩ ሄዱ።

"አባባ፣ ንጉሡ በሬዲዮ ያሉትን አልሰሙም? 'ሕዝቤ ወስኗል፤ እሺ ብያለሁ' ነው ያሉት። ንጉሡ እሺ ያሉትን እርስዎ እምቢ ካሉ፣ አመፀኛው ማን ሆነ?"

የጋሽ ቦጋለ መቀስ ድሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እኔም አፌ ተዘጋ፤ የእኔ አፍ ሲዘጋ ደግሞ የሰማይ ወፍ ሁሉ ዝም ይላል።

"እኔ? አመፀኛ?" አሉ በሹክሹክታ።

ይኼኔ ጥግ ይዘው ሲፈትሉ የነበሩት ባለቤታቸው እማማ የዓለምወርቅ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። የዚያን ቤት ክር በሙሉ የፈተሉት እሳቸው ናቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ስንጋባ ለነጠላዬ ጫፍ ከዚህ ጥለት ጣት የምታህል ለምኜህ ነበር።"

"ነውር ነበራ!"

"አሁንስ? ነውሩ የማን ነው?"

ጋሽ ቦጋለ ወደ ሩታ ዞሩ። "ይኼ ሕጋችሁ... ማንም ይልበሰው ይላል?"

"ማንም፣ አባባ። ያማረው ሁሉ።"

አንባቢ ሆይ፣ የለውጥ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሹም ለመረጠው ሕዝብ ተጠያቂ ይሆናል፤ ሸማኔ የአንድ ደጃፍ ጠባቂ መሆኑ ይቀርለታል፤ ጥበብም ለአገሬው ሁሉ ትደርሳለች። የተከበረውም ቢሆን አይዋረድም፤ ንጉሡም ነገ እንደ እኛ ተሰልፈው ይመርጣሉ። ይህን ሁሉ እኔ ድሮ አውቀው ነበር፤ ያልተናገርሁት ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።

ጋሽ ቦጋለ መቀሱን ለሩታ ሰጧት። ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው እግራቸውን ከመርገጫው አደረጉ፤ ቀና ሳይሉም ጠየቁ፦

"የዓለም፣ ጣት ያህል ነው ያልሽው?"

"ጣትማ ያኔ ነበር። አሁን ክንድ አድርገው።"