የአዋላጇ ማውጫ

— ሃሎ? ... ማን ልበል? ... እታለም! እንዴት አደርሽ፣ የኔ እናት? ... ምነው ድምፅሽ? ... ቆይ፣ ቀስ በይ፣ አልሰማሽም። — እናንተ፣ ያን የወረቀት መቁረጫ አጥፉልኝ እስቲ! አክስቴ ናት፣ አዋላጇ! — እሺ፣ አሁን ንገሪኝ።

— መጽሐፍሽ? አልቋል አላልሽኝም እንዴ? ... ተማሪዎችሽም በየስልካቸው ጭነውታል። ታዲያ ምን ጎደለ? ... ማውጫው? ... ሲነኩት ዝም ይላል፤ ወደ ምዕራፉ አይወስድም።

— ዛሬ ከሰዓት ነው የሚሄዱት? ... አስራ ሁለቱም፣ ወደየጤና ጣቢያቸው። ኔትዎርክም የለም። ... ገባኝ። አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ተማሪሽ ሦስት መቶ ገጽ በጣቷ ስትገፋ... ኧረ አይሆንም! ተረጋጊ። መጽሐፍ ማቀናበር እንጀራዬ አይደል? አንድ ሰዓት አይፈጅብንም።

— ኮምፒውተርሽ ላይ ክፈቺው። እኔም የላክሽልኝን ከፍቻለሁ። ... ማውጫውን እንዴት ሠራሽው? ... በእጅሽ? ነጥቦቹንም? ... ሙች በይኝ! ሁለት ቀን ሙሉ ነጥብ ስትደረድሪ! ... አልሳቅኩም። ... እሺ፣ ስቄያለሁ።

— ስሚኝ፤ ወረቀት ላይ ገጽ አርባ ሁልጊዜ ገጽ አርባ ነው። ስልክ ላይ ግን አንዷ ፊደሉን ታጎላዋለች፣ ሌላዋ ታሳንሰዋለች፣ ገጹ ይፈርሳል። ቁጥሩ ለማንም አይጠቅምም። ... ልክ ነሽ፣ ሲነኩት ራሱ ይዞ የሚሄድ ነው የምንፈልገው።

— የመጀመሪያውን ምዕራፍ ርዕስ አግኚ። ... አዎ፣ አድምቀሽዋል። ያ ለዓይን ነው። ኮምፒውተሩ ግን ርዕስ መሆኑን ማን ነገረው? ... አንቺ ነሽ የምትነግሪው። ርዕሱ ላይ ሁኚና ከላይ «ርዕስ አንድ» የሚለውን ተጫኚ። ... ቀለሙ ተለወጠ? እሰይ! ... ቀለሙን ተይው፣ ኋላ ይስተካከላል። ቀጥይ።

— ... ስድስት... ሰባት፣ «ደም ሲበዛ»። ይሄን ደግመሽ እዪው። ... ጎበዝ! — ደንበኛዬ፣ ወንበር አለልዎት፣ ትንሽ ይታገሱኝ — ... ዘጠኝ፣ «ተገልብጦ የሚመጣ ልጅ»።

— እታለም፣ እዚህ ከሥሩ ሌላ ደማቅ መስመር አለ። «በእግሯ የመጣችው»። ይሄም ምዕራፍ ነው? ... የደረሰብሽ ታሪክ ነው። እንግዲያው «ርዕስ ሁለት»ን ተጫኚ፤ ከምዕራፉ ሥር ገባ ብሎ ይታያል። ... ምን ያስቅሻል? ... ላንብበው? አሁን? ... እሺ። «ዝናብ ነበር። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የወንድሜን ሚስት የኋላ ወንበር ላይ አስተኛኋት። መጀመሪያ ያየሁት አንዲት ትንሽ ተረከዝ ነው...»

— ... የወንድምሽ ሚስት? ያለሽ ወንድም አባዬ ብቻ ነው። እሱም ያለችው ልጅ... ሃሎ? ... እኔ ነኝ?! ... እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት?

— ... እማዬ እኮ ሆስፒታል ነው የወለድኩሽ ብላኛለች! ... እንዳትነግሪኝ አስምላሽ? ለምን? ... እኔም ስወልድ እንዳልፈራ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ! ... ታዲያ አለቀስኩ? ... ዝም አልኩ። ... ከዚያስ? ... ጀርባዬን አሸት አሸት አደረግሽኝ። ... ከዚያ ጮህኩ። ... መኪናውን ሲገፉ የነበሩት ሰዎችስ? ... እዚያው ጭቃው ውስጥ እልል አሉ? ... ወይኔ፣ እታለም። ... አይ፣ ደህና ነኝ፣ ዝም ብሎ እንባ ነው። — ምንም አልሆንኩም! መኪና ውስጥ ነው አሉ የተወለድኩት! — እዚህ ሁሉም እየሳቀብኝ ነው።

— በይ እንጨርስ። ... ሃያ... ሃያ አንድ። አለቀ! ያን የነጥብ ማውጫሽን ሰርዢው። ... ሰርዢው፣ አይዞሽ! ... በቦታው «ማውጫ አስገባ» የሚለውን ተጫኚ። ... መጣ? ሃያ አንዱም? ... በራሱ፣ አዎ! አሁን እንደገና በስልክ ወደሚነበብ መጽሐፍ ለውጪውና ለአንዷ ተማሪ ላኪላት።

— ... ከፈተችው? «ደም ሲበዛ»ን ትንካ። ... ደረሰች? ... እስከ ሦስት ሳትቆጥሪ? ... ጩኸታቸው! እዚህ ድረስ ተሰማኝ እኮ!

— ምን አለች? ... የቷን ነካች? ... «በእግሯ የመጣችው»ን? ... በህይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀችሽ? ... ድምፁን ክፈቺላቸው እስቲ።

— ሃሎ፣ እህቶቼ! ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ... እግሬ? እግሬማ በጣም ደህና ነው፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ጫማ ያደርጋል! ... በሉ፣ አዲሱን ሁላችሁም ጫኑና ተነሱ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጣችሁ። በርቱልኝ።

— እታለም? ... ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። እማዬንም ይዣት ነው የምመጣው፤ ዛሬ ትናዘዛለች! ... እሺ። ... እኔም እወድሻለሁ። ... ቻው፣ ቻው።