የታቾቹን ቀይ ሥር ያስባልኩት እኔ ነኝ

ይኼን ነገር እስካለፈው ሰኞ ድረስ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፣ አብሬው ለምኖረው ለታደሰ እንኳን አልነገርኩም። ቤዛዬ፣ የምትቀጂበትን ስልክሽን ትንሽ ራቅ አድርጊልኝ፤ ወደ አፌ ስታስጠጊው ድምፄ ይጠፋል። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ይሰማል አይደል? በቃ።

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ክረምት ማለት ኳስ ማለት ነበር። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ወጣቱ ሁሉ ሥራ ይፈታል፣ እና ቀበሌው የክረምት ዋንጫ ያዘጋጃል። ያኔም እንደ ዛሬው የምንፋጠጠው እኛ የታቾቹና የላዮቹ ነን። በመካከላችን ያለው አንድ ዳገት ነው። አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም፣ ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ሰዎች ነን፣ ኳስ ሲመጣ ግን አንተዋወቅም። ይኸው ዛሬ ሜዳ ስትሄዱ እነሱ ቀይ ሥር ይሏችኋል፣ እናንተም ጃንጥላ ትሏቸዋላችሁ፣ ከየት እንደመጣ ግን በትክክል የሚያውቅ የለም። ባለፈው አንዱ ልጅ ለእንግዳ ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ቀይ ሥር የተባልነው ደማችን ቶሎ ስለሚፈላ ነው ይላል። ጓደኛው ደግሞ የለም፣ አፈር ውስጥ ሆኖ የሚያድግ ጠንካራ ነገር ስለሆነ ነው አለ። እኔ አጠገባቸው ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። አንገቴን ደፍቼ መምረጤን ቀጠልኩ።

ታዲያ ያን ዓመት ለፍጻሜ የደረስነው እኛና የላዮቹ ነን። ችግሩ ሁለታችንም የምንለብሰው ነጭ ካናቴራ ነው። ያኔ ማሊያ የሚባል ነገር ከየት ይመጣል፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ቤቱ ያለችውን ነጭ ካናቴራ ይለብሳል፣ በቃ። ዳኛው አንዳችሁ ቀለም ቀይሩ አለ፣ ዕጣ ተጣለ፣ በእኛ ላይ ወጣ። የቡድናችን አምበል ታደሰ ነበር። አዎ፣ የእኔው ታደሰ፣ ያን ጊዜ ግን የእኔ አልነበረም። ያን ጊዜ የሰፈሩ ልጃገረዶች በመስኮት የሚያዩት፣ ረጅም፣ ሲራመድ መሬት የሚነካ የማይመስል ልጅ ነበር። ሳቁ ሳቁ፣ ዛሬ ጉልበቱን እያመመው ስላያችሁት ነው። እኔ ደግሞ አስረኛ ክፍል የጨረስኩ፣ ከመጽሐፍ የማልለይ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ግድግዳ የማይ ዓይን አፋር ነበርኩ። በኬሚስትሪ አንደኛ ስለነበርኩ ግን ካናቴራዎቹን ቀይ የመንከሩ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጽጌ ትንከረው፣ እሷ ትችላለች ያለው ታደሰ ነው አሉ። ስሜን እንደሚያውቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፣ እና በደስታ ምሳዬን አልበላሁም።

ቀለሙን የገዛሁት ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። ያቺው ዛሬ ልጃቸው የምትሸጥባት ሱቅ ናት። ጋሽ ሰይድ ያኔ ገና ጎልማሳ ነበሩ፣ ከወሎ መጥተው ሱቋን ከከፈቱ ብዙም አልቆዩም፣ እና ዕቃ ዝም ብለው አይሸጡም፣ ያስተምራሉ። ክብሪት ብትገዙ እንኳን ከእርጥበት አርቁት ይሏችኋል። የቀለሙን ዱቄት በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና ውሃው ይፍላ አሉ፣ ቀለሙ ይግባ፣ ሁለት እፍኝ ጨው ይጨመር፣ ጨርቁ ይግባና በዱላ ይማሰል፣ ከዚያ እሳቱ ይጥፋና እዚያው ድስቱ ውስጥ ይደር። «ይደር» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሉኝ። «ያላደረ ቀለም ጨርቁን አይይዝም፣ ጠዋት ታወጪዋለሽ።»

እኔም እንዳሉኝ አደረግሁ። የድግስ ድስት ተውሼ፣ ጓሮ ውስጥ ጥጄ፣ ጨው ጨምሬ፣ እያማሰልኩ ነበር። ታዲያ ግማሽ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ የግቢያችን በር ተንኳኳ፣ ስከፍተው ታደሰ ነው። ብቻውን። ሳፋ ይዟል። ልብስ ሰፊው ቁጥር የሚለጥፍበት ጊዜ ነገ ስለሌለው ዛሬውኑ አምጣልኝ ብሎታል። ድስቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ እና ፈገግ ብሎ «ደርሷል?» አለኝ።

ስሙኝ እንግዲህ። ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ነው። ገና ነው። እሱ ነው በቃ። ይደር ተብሏል፣ ጠዋት ና ማለት ብቻ። ግን ታደሰ ፊቴ ቆሟል፣ እጄ እስከ ክርኔ ቀልቷል፣ ሻሼ ዞሯል፣ እና አንድም ቃል አልወጣኝም። ያን አዎ የምንልበትን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አደረግሁለት። በቃ፣ አዎ አልኩት ማለት ነው። እሱም ካናቴራዎቹን በዱላው አውጥቶ፣ በረድ ሲሉ ጨመቃቸው፣ ሳፋው ውስጥ ከተታቸው፣ እጅሽ ይባረክ ብሎኝ ሄደ። እጅሽ ይባረክ ያለኝን ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት አልነግራችሁም።

ሲደርቁ ያምሩ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቡድኑ እሑድ ሜዳ ሲገባ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ቀለሙ ይዟል ማለት ነው፣ ጋሽ ሰይድ አብዝተው ነው ያስጠነቀቁኝ ብዬ ተጽናናሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

የላዮቹ በረኛ እናት እማማ ወርቄ ይባላሉ፣ ድንችና ቀይ ሥር የሚሸጡ ኃይለኛ ሴት ነበሩ። ልጃቸውን ጉንፋን ይዞታል፣ እና እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ከግቡ ጀርባ ቆመዋል። ማካፋት ሲጀምር ኳሱ ወደ እኛ በኩል ሲሄድ ሜዳ ገብተው ልጃቸውን ያስጠልሉታል፣ ኳሱ ሲመለስ ይወጣሉ። ዳኛው ሁለት ጊዜ አስወጣቸው፤ በሦስተኛው እሱም ደከመውና ተዋቸው።

ከዚያ ከእንጦጦ በኩል የጠቆረው ሰማይ ተለቀቀ። የነሐሴን ዝናብ ታውቁት የለም? መጀመሪያ ትከሻቸው ላይ ነጣ፣ እና ቀዩ ወደ ደረት ወረደ፣ ከደረት ወደ ቁምጣ፣ ከቁምጣ ወደ እግር። የላዮቹም ልጆች በተጋጩ ቁጥር ይቀላሉ። ኳሷ ራሷ ቀላች። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ሃያ ሁለቱም ተጫዋች አንድ ዓይነት ሮዝ ሆኑ። የእኛ ተከላካይ ኳስ ይዞ ቀና ሲል አንድ ሮዝ ልጅ ባዶ ቦታ ቆሟል፣ የራሱ ሰው መስሎት አመቻችቶ ሰጠው። የላዮቹ አጥቂ ነበር። አገባው። በዚያው ተሸነፍን፣ ዋንጫውም ሄደ።

ጎሉ እንደገባ የእማማ ወርቄ ድምፅ ከጃንጥላው ሥር ተሰማ። «እናንተ የታቾቹ፣ ይኼ እኮ የተቀቀለ ቀይ ሥር ነው። ቅርጫቴ ውስጥ ብከታችሁ ሰው ይገዛችኋል።» የላዮቹ ደጋፊ ተቀበላቸው፣ ቀይ ሥር፣ ቀይ ሥር እያለ ሜዳውን አናወጠው። የእኛ ሰው ምን ይበል? ከመሐላችን አንዱ፣ ለበረኛችሁ ጡጦም ይምጣለት፣ ጃንጥላ ብቻ አይበቃውም ብሎ መለሰ። እና ጃንጥላ፣ ጃንጥላ ተባለ። ሁለቱም ስም የተወለደው በአንድ ዝናብ ነው። ዛሬ ቀይ ሥር ባንዲራችሁ ላይ ስላችሁ ትኮራላችሁ፣ ያኔ ግን ስድብ ነበር፣ ያደባድብ ነበር። ታደሰ ሳምንት ሙሉ በጓሮ በኩል ነው የሄደው።

እስካሁን ያለው ያስቃል። አሁን የምነግራችሁ ግን እኔን ብዙም አያስቀኝም።

በጨዋታው ማግስት፣ ሰኞ፣ ቡድኑ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄደ፣ እኔንም ነካሪዋ ነሽ ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ታደሰ ካናቴራውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋና የተበላሸ ቀለም ሸጡልን አላቸው። ጋሽ ሰይድ አልተቆጡም። ጨርቁን በጣታቸው አሹትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «አድሯል?» ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አሥራ አንድ ተጫዋች፣ ታደሰም አለ። እና እኔ እንደገና ያቺን ትንፋሽ ሳብኩ። የመጀመሪያዋን ዓይን አፋርነት በሏት፣ ይቅር ልትሏት ትችላላችሁ። ይቺኛዋ ግን ውሸት ናት። ጋሽ ሰይድ ዓይኔን ጥቂት አዩት፣ እንግዲህ ካደረ እኔ አላውቅም አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከእሳቸው ቀለም የሚገዛ ጠፋ። ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሰፈሩ ሰው የማይቆይ ነገር ሁሉ የሰይድ ቀለም ማለት ጀመረ። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው፣ የሰይድ ቀለም። በዓመቱ የፈረሰ ትዳር፣ የሰይድ ቀለም። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሰደቡበት ነበር። እኔ ታደሰን አገባሁ፣ መምህርት ሆንኩ፣ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተማርኩ፣ እና ስለ ቀለም የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ራሳችሁ አንብቡት ብዬ አልፈው ነበር። ታደሰም በየበዓሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ያወራል፣ የሰይድ ቀለም ዋንጫ አስበላን ይላል፣ እኔም ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እንዴት ልንገረው? መቼም ሚስቱ ናት ዋንጫውን ያስበላችው።

አሁን እናንተ የቡድኑን ታሪክ በመጽሔት ልታሳትሙ ተነሳችሁ። ቤዛዬ ፊደሉን አርሚልኝ ብለሽ ረቂቁን ሰጠሽኝ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሰይድ የተባለ ነጋዴ የተበላሸ ቀለም በመሸጡ የሚል አየሁ። ሳላርመው አስቀመጥኩት። ባለፈው እሑድ ደግሞ በዕድሩ አዳራሽ ተሰብስበን ሲነበብ ያቺ ቦታ ላይ ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሰይድ ከፊት ተቀምጠዋል፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ። የልጅ ልጃቸው ኢክራም ግን አልሳቀችም። ከኋላቸው ስለነበርኩ ሰምቻታለሁ፣ አባባ እውነት የተበላሸ ሸጠህ ነው ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሰው እንዲህ ይላል አሏት። የለም አላሏትም። ሰው እንዲህ ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ ሳይነሳ ወጣሁና ሱቁ ደጃፍ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ፀሐይ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ሰላምታውንም በቅጡ አልጨረስኩም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያ ቀለም አላደረም።»

የትኛው ቀለም ብለው አልጠየቁኝም።

«ስንት አቆየሽው?»

«ግማሽ ሰዓት አይሞላም።»

«ጨውስ?»

«ጨው ጨምሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አወጣሽው?»

«ታደሰ መጥቶ ደርሷል ወይ አለኝ። ገና ነው ማለት አፈርኩ።»

አንገታቸውን ደፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ምን አደረግኋቸው ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቁ ነው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲያበቁ ግን ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው እንዲህ አሉኝ። «እኔ እኮ ራሴን ተጠራጥሬ ነበር። የቀረውን ካርቶን ወስጄ ወንዝ ጣልኩት። ምናልባት ደህና አልነበረም ይሆናል እያልኩ ነው ያረጀሁት።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር ብዬሻለሁ አሉ፣ ለታደሰም ጥፋቱ የቀለሙ ሳይሆን የቁመናህ ነው በይልኝ አሉ። እሱን እንኳን እኔ አልችልም፣ ቤዛዬ፣ ከስልክሽ ይስማው። ከዚያ ወደ ሱቁ ውስጥ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔስ ከአፍሽ ሰማሁ። ኢክራም ግን ከወረቀት ነው የምታነበው።»

ቤቴ ተመልሼ መነጽሬን አደረግሁና ረቂቁን አወጣሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የእሳቸውን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩ፣ በላዩ ላይ ካናቴራዎቹን ሳያድሩ ያወጣቻቸው ጽጌ በቀለ ናት ብዬ ጻፍኩ፣ ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው አጉልቼ። ሌላ አራሚ ስህተት ነው ብሎ እንዳይሰርዘው ደግሞ ጎኑ ላይ ፈረምኩበት።