ቀርከሃ ለወለል

ጧ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጧ! ከዚያ ወፍራም ሸራ ሲቀደድ የመሰለ ረዥም ስንጥቅጥቅታ ተከተለ።

አቶ ማቴዎስ በጅምር ቤታቸው መካከል እንደቆሙ ቀና አሉ። ድምፁን ከጆሯቸው ይልቅ መዳፋቸው ያውቀዋል። የቀርከሃ አገር በሆነችው ሁላ ተወልዶ ያደገ ሰው ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ሰምቶ ሌላ ነገር አይመስለውም። ነገር ግን በሀዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በብሎኬትና በቆርቆሮ መካከል፣ ቀርከሃ ምን ያደርጋል?

በአጥሩ ሽንቁር ቢያዩ የጎረቤታቸው ልጅ ኢየሩስ ናት። አምና በግንባታ ምህንድስና የተመረቀችው ልጅ ገጀራ ይዛ ቀርከሃ ትሰነጥቃለች።

«ኢየሩስ! ሀዋሳን ሁላ ልታደርጊያት ነው እንዴ?» አሏት።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ! ይግቡ እንጂ። የእናቴን ሱቅ ወለል ላፈስ ነው።»

«በቀርከሃ?» አሉ፣ በአጥሩ በር እየገቡ።

«በኮንክሪት። ቀርከሃው በፌሮ ፈንታ ውስጡ ይገባል።»

አቶ ማቴዎስ ሊስቁ አስበው ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣላቸውም። ካቻምና አንድ ግንበኛ «ቀርከሃ ካለ ፌሮ ምን ያደርጋል?» ብሏቸው፣ ከጫካ ትኩሱን አስቆርጠው የማዕድ ቤቱን ወለል አስፈስሰው ነበር። ዓመት ሳይሞላው ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አሁን ደግሞ ግድግዳው ቆሞ፣ ወለሉና ከበሩ በላይ የሚጋደመው ራስጌ በፌሮ እጦት ቀርተዋል። አከራያቸው ክረምት ሳይገባ ቤቱን እንዲለቁ ነግሯቸዋል። ዝናቡ ከቀደማቸው እሳቸውና ባለቤታቸው መግቢያ የላቸውም።

«ልጄ፣ የማዕድ ቤቴን ወለል አይተሽዋል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። እኔ ከቀርከሃ ቤት የወጣሁት ተመልሼ ልገባበት አይደለም።»

«ያ ወለል ለምን እንደተሰነጠቀ ያውቃሉ?»

«ቀርከሃ ስለሆነ ነዋ!»

«ጥሬ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ። ጥሬ ቀርከሃ እርጥብ ኮንክሪት ውስጥ ሲገባ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ኮንክሪቱ ሲደርቅ እሱም ይደርቅና ይኮማተራል። ያን ጊዜ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። እርስዎ ቀርከሃውን ቀበሩት እንጂ ከኮንክሪቱ ጋር አላጋቡትም።»

በዚህ መካከል ወይዘሮ ታቢታ የምሳ ሳህን ይዘው ደረሱ። «እኔ ጅምሩ ቤት እፈልግሃለሁ፤ አንተ እዚህ ጋብቻ ታወራለህ?» አሉ ባለቤታቸውን።

ኢየሩስ እየሳቀች ክንድ የሚያህሉ ሁለት የኮንክሪት ዘንጎች አወጣች። አንዱ ውስጥ ጥሬ ቀርከሃ፣ ሌላው ውስጥ የታከመ ቀርከሃ አለበት። የመጀመሪያውን በሁለት ብሎኬት ላይ አጋድማ «ይቁሙበት» አለቻቸው። አቶ ማቴዎስ ገና ሁለተኛ እግራቸውን ሳያሳርፉ ቋ ብሎ ተሰበረ። ቀርከሃው ቢላ ከአፎቱ እንደሚወጣ ሾልኮ ወጣ።

«ይኸውልሽ!» አሉ፣ የረቱ መስሏቸው።

«ሁለተኛው ይቀራል።»

በሁለተኛው ላይ ቆሙ፤ አልተነቃነቀም። ዘለሉበት። ወይዘሮ ታቢታም ሳህኑን አስቀምጠው ወጡበት። «እኔን ከቻለ ቤቱንም ይችላል» አሉ፤ ዘንጉ አሁንም ንቅንቅ አላለም።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አሉ አቶ ማቴዎስ። ድምፃቸው ከቅድሙ ዝቅ ብሏል።

«ሦስት ዓመት ያለፈውን፣ በበጋ የተቆረጠውን ብቻ እመርጣለሁ። ነቀዝ እንዳይበላው ቦራክስ የሚባል ኬሚካል በተበጠበጠበት ውኃ ዘፍዝፌ በጥላ ሥር አደርቀዋለሁ። ከዚያ ሬንጅ እቀባና ሬንጁ ሳይደርቅ ሻካራ አሸዋ እነሰንስበታለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? አሸዋውም እንደዚያው ኮንክሪቱን ይዞ አይለቅም፤ ሬንጁ ደግሞ ውኃ አያስገባም።»

«ታዲያ ፎቅ እሠራበታለሁ በይኛ!»

«አልዋሽዎትም፣ ለፎቅና ለምሰሶ ፌሮ ነው። መሬት ላይ ለሚተኛ ወለልና ለአጭር የበር ራስጌ ግን ይበቃል። ያንንም ቢሆን እንዲህ ሳልሞክር አላፈስም።»

አቶ ማቴዎስን የረታቸው ይህ መልስ ነበር። ያ ግንበኛ ለሁሉም ይሆናል ብሏቸው ነበር፤ ይህች ልጅ ግን የማይሆንበትንም ነገረቻቸው። የሚያውቅ ሰው ምልክቱ ይህ ነው።

«እንግዲያው» አሉ ሽንፈታቸውን በጨዋ ደንብ እየተቀበሉ፣ «ጥፋቱ የኔ እንጂ የቀርከሃው አልነበረም።»

«ጥቅሙም የእርስዎ ብቻ አይሆንም» አለች ኢየሩስ። «ብረቱ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ቀርከሃ ግን ደጋችን ላይ ነው ያለው። ከሥሩ ሳይነቀል ቢቆረጥ ራሱ መልሶ ይበቅላል። አፈሩንም ይይዛል። ከተሜው ሲገዛው ገበሬው ጫካውን አይመነጥርም፤ ይንከባከበዋል። ድሃም ጅምር ቤቱን ይጨርሳል።»

«ይሁን፤ እኔም እሠራበታለሁ። ግን በበጋ የተቆረጠ፣ የደረቀ ቀርከሃ አሁን ከየት ይመጣል?»

ወይዘሮ ታቢታ ሳህኑን አነሡ። «ከየት ትላለህ? ሁላ ያለው ወንድምህ በበጋ ቆርጦ ጣሪያው ሥር ደርድሮት የለም?»

አቶ ማቴዎስ አንድ የሰርግ ቀን ሁላ ላይ፣ በእንግዳ ፊት፣ «የቀርከሃ ቤት የሰው ቤት አይደለም» ብለው ከወንድማቸው ደጅ ከወጡ በኋላ ተመልሰው አልረገጡትም። ይህን ኢየሩስም ታውቃለች፤ ስለዚህ ዓይኗን ወደ ሬንጁ ቆርቆሮ መለሰች።

አቶ ማቴዎስ ከታከመው ቀርከሃ አንድ ስንጣቂ አንሥተው አገላብጠው አዩት። አሸዋውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና ኮታቸውን አራግፈው ለበሱ።

«ምሳህስ?» አሉ ወይዘሮ ታቢታ።

በሩን ከፍተው ወጡ፤ የሁላ መኪና ወደሚነሣበት መናኸሪያ የሚሄድ ባጃጅ አስቁመው ገቡ።