ሬጂስን ከበርሜሎቹ ማፋታት

ማዳም ክሎቲልድ፣ ጆሲያን፣ ጎረቤቶች፣ እናንተም ከምድር ቤት ወጥታችሁ ዛሬ ፀሐይ ያያችሁ ባልደረቦቼ፤ እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ዶሮው እስኪወጣ ላውራ፤ ከወጣ በኋላ እኔን የሚሰማ እንደማይኖር አውቃለሁ። ሬጂስ፣ አንተ ደግሞ ወንበርህን ወደ በሩ አታስጠጋ። ማምለጫ የለህም። ሚስትህ ጆሲያን መኪናዋን በሩ ላይ ገትራዋለች።

ከጆሲያን ወገን ለመጣችሁና ለማታውቁኝ፣ ናዴዥ እባላለሁ። በዚህ በጁራ፣ በማዳም ክሎቲልድ የፔሮዳን ወይን ቤት፣ ላይኛው ክፍል ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ እንግዳ አስቀምሳለሁ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኘው ሬጂስ ከታች ጓዳውን ይጠብቃል። እሱ ይጠምቃል፣ እኔ እሸጣለሁ። እሱ ከፈቀደልኝ ማለቴ ነው።

ሬጂስ መጀመሪያ የመጣ ቀን እዚህ የነበረ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ። እኔና ማዳም ክሎቲልድ ብቻ? ጥሩ። እንግዲህ ብዋሽም የሚያሳጣኝ የለም። ግን ምን ያስዋሸኛል? እውነቱ ይበቃናል።

ሰውዬው የመጣው ከጎረቤታችን የወይን አገር፣ ከቡርጎኝ ነው። እዚያ በርሜል ማለት እስከ አፉ ጢም ብሎ መሞላት ያለበት ነገር ነው። ትንሽ ከጎደለ አየር ይገባና ወይኑ ይበላሻል። ስለዚህ የቡርጎኝ ሠራተኛ በየሳምንቱ ማንቆርቆሪያ ይዞ እየዞረ ሲሞላ ይኖራል። ያን ቀን ጠዋት ሙሴ አልፎንስ፣ የማዳም ክሎቲልድ አባትና የያኔው የቤቱ ጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ውረድና ጓዳውን ተዋወቀው" አሉት። ወረደ። በርሜሎቹን ከፍቶ አየ። ሁሉም ጎዶሎ! ጎዶሎ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ከላያቸው ግራጫ ነገር ተንሳፍፎባቸዋል። ሬጂስ ምን አለ በልቡ? "እነዚህ የጁራ ሰዎች ሰነፎች ናቸው፤ ወይናቸውን አሻግተውታል።" እጅጌውን ሰበሰበ።

በምሳ ሰዓት ላቡን እየጠረገ ወጣ። ደረቱን ነፍቶ "ሙሴ አልፎንስ፣ ትንሽ ዘግይቼ ብመጣ ኖሮ ጓዳችሁ አልቆለት ነበር። ደርሼላችኋለሁ!" አላቸው።

"ምን አደረግህ?"

"ሞላኋቸው። ሦስቱን ጨርሻለሁ፤ ሌላውን ከምሳ በኋላ።"

ሙሴ አልፎንስ ሹካቸውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው ወረዱ፣ አዩ፣ ተመልሰው መጥተው ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። "ልጄ፣" አሉት፣ "ያ ሻጋታ ያልከው ያንተ ደሞዝ ነበር።"

ያልገባችሁ እንግዶች ካላችሁ፣ ቢጫው ወይናችን ሳቫኛ ከሚባል የወይን ፍሬ ተጠምቆ፣ በርሜሉ ሳይሞላ፣ ሳይነካ፣ ስድስት ዓመት ከሦስት ወር ነው የሚቀመጠው። ከላዩ ተጋርዶ አየር የሚከለክልለትን ያን ስስ ነገር እኛ ዓይነ ርግብ እንለዋለን። ዓይነ ርግቡ ከሰጠመ ቢጫ ወይን የለም። ሬጂስ በግማሽ ቀን የሦስት ሙሽራ ዓይነ ርግብ አሰጠመ።

እንዳይባረር ያደረጉት የሙሴ አልፎንስ ሚስት ናቸው። "በግማሽ ቀን ይህን ያህል ያጠፋ ሰው ወይ ጅል ነው ወይ ታታሪ፤ እስቲ የትኛው እንደሆነ እንይ" አሉ። ሦስቱ በርሜል የወጥ ቤት ወይን ሆነ። ያን ክረምት መንደሩ በሙሉ በዚያ ወይን የተሠራ ዶሮ በክሬም ሲበላ ከረመ። ቄሱ ሳይቀሩ በስብከት መሃል ያገሱ ነበር። ጅል ነው ወይስ ታታሪ የሚለው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዓይነ ርግቡን ያሰጠመው ሰው ዋና ዘበኛው ሆኖ ዐረፈው። ጓዳ ውስጥ ማፏጨት ክልክል። በር ማላተም ክልክል። ማስነጠስ የመጣበት ወጥቶ ያስነጥስ። ብርድ ቢሆን ሙቀት፣ ጫማውን አውልቆ በካልሲ ነው የሚንጎራደደው። አንድ ዓመት የወይን ገበሬዎች ጠባቂ በሆነው በቅዱስ ቪንሰንት በዓል የመንደሩ ሙዚቀኞች እንደ ልማዳቸው ጓዳ ገብተው ሊነፉ መጡ። ሬጂስ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ኧረ በዓል ነው እኮ!" አለው ጥሩምባ ነፊው።

"ግቡ። ንፉም። ድምፅ እንዳይወጣ ብቻ።"

ገቡ እኮ! ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ጣታቸውን እያርገበገቡ፣ አንድ ሙሉ ማርሽ ያለ ድምፅ ተጫውተው ወጡ። ከበሮ መቺው ዛሬም ሬጂስን ሰላም አይልም።

እኔ ላይ ያደረሰውን ደግሞ ስሙ። ደንበኛ ይመጣል፣ ይቀምሳል፣ ይወዳል፣ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ልክ ያኔ ይህ ሰው ከደረጃው ሥር ብቅ ይላል። "ምን ሊበሉበት ነው?" ሰላምታ የለ፣ ምን የለ! የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ ካሉት ነጩን ሻርዶኔ ይፈቅዳል። በጭስ የደረቀ ቋሊማ ከድንች ጋር ካሉት ስሱን ቀይ፣ ፑልሳሩን፣ ራሱ ያነሣላቸዋል፣ ፊቱም ይፈታል። የዱር አሳማ አድኖ የመጣ ከሆነማ ሌላውን ቀይ፣ ትሩሶውን፣ ተሸክሞ መኪናው ድረስ ይሸኘዋል። "እንዲያው ለመጠጣት ያህል ነው" ያለ ግን ወዮለት። "እንዲያው ለመጠጣት ውሃ አለ፣ ጌታዬ።"

አንድ ቀን ከፓሪስ የመጡ፣ በዚያ ሙቀት ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ነበሩ። ቀዩን መጀመሪያ ስቀዳላቸው "ቀይ ከነጭ በፊት? ይሄ የት አገር ነው?" አሉ። "ጁራ ነው" አለ ከደረጃው ሥር ድምፅ። እዚህ ቀያችን ስስ እንደሆነ፣ ጉልበተኛው ነጩ እንደሆነ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ ሰውዬው የቢጫውን ወይን ጠርሙስ አንሥተው ማገላበጥ ጀመሩ። "ይሄ ደግሞ ከሌላው ጠርሙስ ያንሳል። የቀረውን ማን ጠጣው?" ሬጂስ ወጣ። "በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከበርሜሉ የተነነውን ጣሪያው ነው የጠጣው። ቅር ካለዎት መሰላል ላምጣልዎትና ጣሪያውን ይላሱ።" እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰውዬው ሁለት ካርቶን ገዝተው ሄዱ። እኔ ዕድሜ ልኬን ፈገግ ብዬ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ቢጫ ወይን ሸጬ አላውቅም።

የልጄን የማርጎን ሠርግ የማያስታውስ አለ? ደጋሹ፣ ከሌላ አገር የመጣ ምስኪን፣ ቢጫውን ወይን በረዶ ውስጥ ዘፍዝፎ አቀረበው። በረዶ! ሬጂስ እንደ ፖሊስ ከየጠረጴዛው ጠርሙስ እየነጠቀ ሰበሰበ። ከዚያስ? ሁለቱን በሁለቱ ብብቱ ሥር ወሽቆ ቁጭ አለ። ፎቶ አንሺው "እጅዎን የሙሽራዋ ትከሻ ላይ ያድርጉ" ሲለው "አልችልም፣ እያሞቅሁ ነው" አለው። ፎቶው ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። ሙሽራው ያምራል፣ ልጄ ታምራለች፣ ሬጂስ መሃላቸው እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መስሏል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጆሲያን፣ አትሳቂ፣ ያንቺው ጉዳይ ነው።

ይህ ግብዣ የመጀመሪያው አይደለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ኬክ ታዝዞ፣ ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ ይህ ሰው ዋዜማው ላይ ማዳም ክሎቲልድ ዘንድ ሄደ። "ጓዳ ውስጥ ያሉት አልበሰሉም፤ እነሱ ይውጡና እሄዳለሁ።" ኬኩን በላነው። አምና ደግሞ መጣ። "እነዚያ ወጡ፤ ከነሱ በኋላ የገቡት ግን አልበሰሉም።" እሱንም ኬክ በላነው። ጆሲያን ባንኮኒዬ ጋ መጥታ "ናዴዥ፣ እኔ ያገባሁት ሰው ነው በርሜል?" ስትለኝ ምን ልመልስላት? ባሕሩ ዳር፣ እህቷ አጠገብ፣ ትንሽ ቤት ተከራይታለች። መጋረጃ ሰቅላለች። ነገ እሁድ ጠዋት ትሄዳለች። "ከመጣ አብረን፣ ካልመጣ ብቻዬን" ብላለች፣ ቀልዷንም አይደለም። ይኸው ወንድማችን ደግሞ ትናንት ማታ እንኳ ማዳም ክሎቲልድን "እስከሚቀጥለው ለቀማ ብቻ" ሲል ተሰምቷል። አትካድ፣ ሬጂስ! እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ሰበቡ አንድ ነው። "ማን ያያቸዋል?" ይላል። ሲልቫን አለ እንላለን። "አዲሱ?" ይላል። ሲልቫን፣ እስቲ ተነሥ። ተመልከቱት። አሥራ ሦስት ዓመት ከሬጂስ ጋር የሠራ፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትልቋ ልጁ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰው ነው። ይህ ነው "አዲሱ"። ዛሬም ድረስ ብቻውን በርሜል ከፍቶ እንዲያሸት አይፈቀድለትም። ቁጭ በል፣ የኔ ጌታ፣ ላንተም እንጸልያለን።

ሬጂስ፣ አሁን ቀልዱ ይብቃ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ አታቋርጠኝ።

እናቴ በታመመችበት መኸር ማዳም ክሎቲልድን ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ ቀድመኸኝ ነበር። "ባንኮኒው ላይ እኔ እቆማለሁ፤ እሷ እናቷ ጋ ትሂድ" ብለሃቸዋል። አንተ! ሰው ስታይ የሚያልብህ አንተ! ያን መኸር ሙሉ ቆምክልኝ። ሽያጩ አፈር በላ፤ ግማሹን ደንበኛ "ለዚህ ምግብ ቢራ ይሻላል" እያልክ ወደ ጎረቤት ሸኘኸው። እኔ ግን እናቴ አጠገብ ነበርኩ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቴ መብላት ትታ፣ መናገርም ትታ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ መጣህ። ከኮትህ ውስጥ ቢጫ ወይን ያለባት ትንሽ ብልቃጥ አወጣህ። "አትጠጣም፣ አውቃለሁ። ታሽትተው ብቻ" አልከኝ። የወይን ገበሬ ልጅ ናት እናቴ፤ ብልቃጡን አፍንጫዋ ሥር ስታደርግላት ዓይኗን ገለጠች። አየችህና "አይቡስ?" አለችህ።

ያ ነው የመጨረሻ ቃሏ። "አይቡስ?" ስቄ አለቀስኩ፣ አልቅሼ ሳቅሁ። አንተ ሮጠህ ሄደህ አንድ ቁራሽ የአገራችንን አይብ፣ ኮምቴ፣ ይዘህ ተመለስክ። አልበላችውም፤ ግን እጇ ላይ አድርገህላት ይዛው ተኛች። ይህን ሁሉ ዓመት አላመሰገንኩህም፤ ልጀምር ስል እያለቀስኩ እተወው ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። አመሰግንሃለሁ፣ ሬጂስ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እሺ። መሐረብ ያላችሁ አቀብሉኝ።

አሁን ማዳም ክሎቲልድ የፈቀዱልኝን ልናገር። ሬጂስ፣ ወንበርህን ያዝ። አንድ ዓመት "ጭማቂው ጎደለ፣ በርሜሉ ያፈሳል" ብለህ ጓዳውን ስትዳብስ የከረምክበት ትዝ ይልሃል? ምንም አልፈሰሰም። ማዳም ክሎቲልድ ናቸው የሰረቁህ። አዎ፣ ከራሳቸው ጓዳ የራሳቸውን ሳቫኛ ሰረቁ! ሲልቫን በትንሽ በርሜል አድርጎ እሳቸው ቤት ጣሪያ ሥር አወጣው። አንተ ሳትኖር ምን እንደምንሆን ለማወቅ ፈልገው ነው። ስድስት ዓመት ከሦስት ወር አንተ አንድ ቀን ሳታየው፣ ሳታሸተው፣ ሳትቆጣው፣ ሲልቫን ብቻውን ጠበቀው። ባለፈው ወር ተቀዳ።

የት ነው ያለው? እጅህ ላይ ነው፣ የኔ ወንድም። ያ ብርጭቆ ነው። ከአይቡና ከዋልነት ለውዙ ጋር ሁለት ጊዜ አስቀድተሃል፤ ቃል አልወጣህም።

ምን? ጮክ በል፣ አልሰማንህም! "ድገሙኝ" ነው ያለው! ሰማችሁ? ሲልቫን፣ ቶሎ በል፣ ቅዳለት!

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቆ አንሡ። ዶሮውም እየመጣ ነው፣ ሽታው ደርሶኛል። ሬጂስ፣ ጓዳው ውስጥ የተውካቸው በርሜሎች ቀናቸው ሲደርስ ሲልቫን ይቀዳቸዋል፤ አንተ ከጆሲያን ጋር ከባሕሩ መጥተህ፣ ጫማህን አጥልቀህ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጠህ ትጠጣለህ። እስከዚያ ጉልበትህ አይድከም፣ አፍንጫህ አይዘጋ፣ ዓሣው አይጥፋባችሁ። ጆሲያን፣ ትዕግሥትሽን ይክፈልሽ።

ሬጂስ፣ አፈር ስሆን ጠጣው። እጅህ ሳይነካው የበሰለ የመጀመሪያው ወይንህ ነው።

ለሬጂስ!