ያልተቆረጠ እግር

አንጋፋው ቀዶ ሐኪም ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባቸው አያውቅም። የእህታቸው ልጅ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ቢመጡ፣ ኮሪደሩ ላይ አሥር ያህል የስኳር ሕመምተኞች ጫማና ካልሲያቸውን ታቅፈው ተደርድረዋል። ነርሷም ማንነታቸውን ሳትጠይቅ፣ «አባባ፣ እርስዎም ያውልቁና ተራ ይያዙ» አለቻቸው። እሳቸው ግን የምርመራ ክፍሉን በር በርግደው ገቡ።

«ጋሼ! ምነው በደህና?» አለች ወጣቷ ሐኪም፣ የአንድ ጡረተኛ ሹፌር ተረከዝ እንደያዘች።

«ምን ደህና አለ! ስንቱን ለምኜ የቀዶ ሕክምና ትምህርት ቦታ አገኘሁልሽ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ምዝገባው ይዘጋል። አንቺ እዚህ የሰው እግር ታገላብጫለሽ! ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?»

ሹፌሩ አፍሮ እግሩን ሊሰበስብ ቢል አለቀቀችውም። ቁስሉን አጥባ፣ አሽጋ፣ ለሐሙስ ቀጥራ ሸኘችው። ከዚያ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሠላሳ ዓመት እግር ሲቆርጡ አንድ ቀን እንኳ ይሄ እግር እንዴት እዚህ ደረሰ ብለው ጠይቀዋል?»

«እኔ ሕይወት ነው ያዳንኩት! እጄን የሳመኝ ስፍር ቁጥር የለውም።»

«እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሁሉ ሰው እርስዎ ዘንድ መድረሱ ነው! ያ ሹፌር ስኳሩ እግሩን አደንዝዞታል፤ ቁስሉ አያመውም። ዛሬ ባላየው ኖሮ ከወራት በኋላ ለቢላዋ ይቀርብ ነበር። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል አልሰሙም?»

«ታዲያ ላልተቆረጠ እግር ማን ያመሰግንሻል?»

«ማንም። ግን የሚስቱን ደም ብዛት የማክመው እኔ ነኝ፤ የልጁን አስም የማውቀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልጁን ሲድር በሁለት እግሩ ሲጨፍር አይቼዋለሁ። ይሄን ደስታ በምን ልለውጠው? ይልቅ እርስዎ ስኳር ከያዘዎ አምስት ዓመት ሆነ። እግርዎን ማን አይቶታል?»

«እኔ ራሴ ሐኪም ነኝ!»

«ማን አይቶታል አልኩ እኮ።»

ማንም አላየውም። እኒህን የመሰሉ ሰው ካልሲዎን ያውልቁ ብሎ የሚደፍር ባልደረባ ከየት ይመጣል? የታላላቅ ሰዎች ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ሁሉ ያከብራቸዋል፣ የሚመረምራቸው ግን የለም።

ሽማግሌው አፏን ሊያስይዟት በንዴት ጫማቸውን መንጭቀው ጣሉ። ካልሲው ግን እንቢ አለ። በደረቀ ደም ከውስጥ እግራቸው ጋር ተጣብቋል። የጣሉትን ጫማ አንስተው እጃቸውን ውስጡ ሲያስገቡ ብቅ ያለች ምስማር ጣታቸውን ወጋቻቸው። ጣታቸው ያወቃትን ምስማር እግራቸው ስንት ቀን ተሸክሟት እንደዞረ አላወቁም። ፊታቸው አመድ መሰለ።

ቁስሉን አጥባ አሸገችላቸው። በመጨረሻ፣ «አሥር ሰዓቱ ይለፍ፤ አንቺ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» አሏት።

አንድ እግራቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ሲወጡ፣ አንድ ጎልማሳ ነርሷን ያፋጥጣል፦ «የስኳር መድኃኒቴን ልወስድ ብመጣ ጫማህን አውልቅ ትለኛለች! ምን የሚሉት ንቀት ነው?»

«አውልቅ!» ብለው ጮኹበት። «አሁን የሚያይህ ሐኪም ሲኖር ሥራህም፣ ቤትህም፣ እግርህም አብሮህ ይኖራል። ሠላሳ ዓመት ከቆረጥኩት እግር ስንቱ፣ ካልሲህን አውልቅ የሚለው አጥቶ እንደመጣ እኔ ዛሬ ነው የገባኝ!»