ወይባ የለበስኩበት ምክንያት

በእኛ ጊዜ ሰው ወይ ጤነኛ ነው ወይ እብድ ነው፤ መሀል ላይ የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። እናንተ አሁን ጭንቀት ትላላችሁ፣ ድብርት ትላላችሁ፣ ለሁሉም ስም አላችሁ፤ እኛ የነበረን አንድ ስም ነው፣ እሱም ሲጠራ ሰው በሩን ይዘጋል። ታዲያ ስሙኝ፣ ምስሩን እየለቀማችሁ ስሙኝ፣ ወደኔ ግን አትዩ። ዓይን ዓይኔን ካያችሁኝ እተወዋለሁ። ስንት ዘመን ልጅ አስተምሬ ዛሬም ትልቅ ሰው ፊት ስናገር ላብ ያሰጥመኛል።

ሰናይት፣ የእህቴ ልጅ ስለሆንሽ አልቀየምሽም፤ ቅድም ያልሽውን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እውነት መነኩሴ ነጥቀው ነው ያገቡት?» አልሽ ለጓደኛሽ። አገሩ ሁሉ የሚለው ነው፣ አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ። በባሌ ቀብርም ላይ ቄሱ ብለውታል። «ወንድማችን ካሳሁን በወጣትነቱ የሠራውን ስህተት እግዚአብሔር ይቅር ይበለው» አሉ፣ ሕዝቡም አሜን አለ፣ እኔም አሜን አልኩ። እኔም እኮ አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ፤ ስነሳ ስቀመጥ የምታዩኝ ለዚያ ነው እንጂ ወገቤን አሞኝ አይደለም። እሁድ አርባው ነው፣ ያው ቄስ ይመጣሉ፣ ያው ሕዝብ ይመጣል።

እና ካሳሁን መነኩሴ አልነጠቀም። እኔ መነኩሴ ሆኜ አላውቅም። ይኸው ተናገርኩት። ምስሩን አትድፊው እንጂ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ጦርነቱ ወደኛ አገር የመጣ ጊዜ። እኔ ከላሊበላ የአንድ ቀን መንገድ የሚያስኬድ ገጠር አስተማሪ ነበርኩ፣ አዲስ ተመራቂ፣ በዚያ ሁሉ ዳገት ጫማዬን እየወለወልኩ የምሄድ። ከካሳሁን ጋር ታጭተናል፤ እሱ ዲያቆን ነው፣ ድምፁ ያማረ፣ በቁርባን አግብቶኝ ቄስ ሊሆን ነው። ታዲያ ያኔ አይሮፕላን ይመጣ ነበር። ከላይ ሆኖ ነጭ ነገር ቶሎ ይታየዋል ተባለ፣ እና ገበሬው ጋቢውን ጭቃ ውስጥ እየነከረ መልበስ ጀመረ፣ ነጭ በሬ ያለው በሬውን እንኳ ጭቃ ይቀባ ነበር። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ አልነክርም አልኩ። ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ገበያ ወጣሁ። አይሮፕላኑ መጣ። አንድ ሽማግሌ ነጩን ሊሸፍኑልኝ የጭድ ጆንያ ጣሉብኝ። ቅቤ የምትሸጥልኝ ሴት አጠገቤ ነበረች፣ እሷም ነጭ ለብሳለች፣ ለሷ ጆንያ አልደረሰም። ይኸን ያህል ይበቃችኋል። ኋላ ሐኪም ሲጠይቀኝም ከዚህ አላለፍኩም።

ታዲያ ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ደህና መጣች አለ፤ እጅ እግሬ ሙሉ ነው፣ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። ነጭ ነገር ሳይ ግን ትንፋሼ ይቆማል። እና የት ነው የምኖረው? ላሊበላ። በዓል ሲሆን ዳገቱ ሁሉ ነጭ የሚለብስበት አገር። ከነጭ የምትሸሽ ሴት ከዚህ የባሰ ቦታ ፈልጋ አታገኝም። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም አሁን እስቃለሁ።

መጀመሪያ የራሴን ነጠላ ቀይ አፈርና የዛፍ ቅርፊት አፍልቼ ነከርኩት። ቀጥሎ የእናቴን። ቀጥሎ የአልጋ ልብሱን። ከዚያ አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ቄስ ሞላ ጥምጥማቸውን አጥበው አጥር ላይ አስጥተውት አየሁ። ውስጤ «ሰውዬው ሊታዩ ነው፣ ሊሞቱ ነው» አለኝ። ነከርኩታ። መልሼም እዚያው አጥር ላይ በሥነ ሥርዓት አሰጣሁት።

ቄስ ሞላ ወጡ፣ አዩ፣ እናቴን ጠሩ።

«ወይዘሮ አለሚቱ፣ ይህ ጥምጥም ጠዋት ነጭ አልነበረም?»

«ነበር አባቴ።»

«ታዲያ አሁን ምን ሆነ?»

እናቴ ጥምጥሙን አየች፣ እኔን አየች፣ እጄ እስከ ክርኔ ቀለም ሆኗል። የምትለው ቢጠፋት «መነኮሰ» አለች።

ቄስ ሞላ አልሳቁም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ያ የነከርኩት ነጠላ ለካ መነኮሳት የሚለብሱትን ብጫ ልብስ፣ ወይባውን መስሏል። «ለካ ልጅቷ ልትመነኩስ ብፅዓት ገብታለች» አሉ፣ «እና ባርካ ነው የነከረችልኝ።» ጥምጥሙን ተሳልመው ገቡ። ከዚያ ወዲያ አገር ሰማ።

እናቴ ጎትታ አስገባችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ፣ ነገርኳት። በሩን ዘጋች። «እህቶች አሉሽ» አለች ኋላ፣ «ከእብድ ቤት ማን ያገባል? ይሄ ነገር በዘር ነው ይላሉ። መነኩሴ ሁኚ።»

«እማ፣ ካሳሁንስ?»

«ካሳሁን ሌላ ያገኛል። እህቶችሽ ግን ስማቸው አንዴ ከወጣ አለቀላቸው።»

ያኔ እናትሽን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመላለሱ ነበር፣ ሰናይት። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ምንኩስናው ደግሞ ተሳካልኝ። ድንገት ነገር ሲጮህ በግንባሬ እደፋ ነበር፤ መኪና ይሁን፣ ቆርቆሮ ይሁን፣ በር ይሁን። ሕዝቡ ስግደት መሰለው። እማሆይ ወለተ የሚባሉ አሮጊት መነኩሴ ሊጎበኙኝ መጡ፣ ልክ ሲቀመጡ ወፍጮ ቤቱ ሞተሩን አስነሳ፣ እና እኔ መሬት ነኝ። እማሆይ እንባቸው መጣ።

«ልጄ፣ በቀን ስንት ትሰግጃለሽ?»

«አልቆጥረውም እማሆይ።»

«የተወሰነ ሰዓት አለሽ?»

«የለኝም፣ ድንገት ነው የሚመጣብኝ።»

«ጸጋ ነው» አሉ። ሲወጡ ለእናቴ «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ቆብ ደፍቼ እንዲህ ፈጥኜ ወድቄ አላውቅም» ሲሏት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሴቶች «ጸልዪልን» እያሉ ይመጡ ጀመር። ነጠላቸው ነጭ ነዋ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። «ይህችን ዓለም ማየት አትፈልግም» ይባባላሉ። የምታመም እኔ፣ የምመሰገን እኔ።

ታዲያ የካሳሁን ሽማግሌዎች መጡና እጮኝነቱን አፈረሱ፣ በአክብሮት፣ እጄን ተሳልመው። በሳምንቱ እሱ ራሱ መጣ። ከቤታችን ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ ዘንድ አገኘኝ።

«ሌላ ወንድ ቢሆን እጣላ ነበር» አለ። «ከእግዜር ጋር ግን ምን ብዬ እጣላለሁ። ብቻ ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጎረቤት የቆርቆሮ በሩን አላተመው፣ እና ወደቅሁ። ሴቶች ናችሁና ይህንንም ልንገራችሁ፣ ሽንቴም አመለጠኝ። እሱ ዲያቆን ነው፣ ስግደት ያውቃል።

«ዝናሽ፣ ይህ ስግደት አይደለም» አለ።

«አትየኝ» አልኩት።

አላየኝም። አጠገቤ መጥቶ በሆዱ ተኛ፣ ከነነጭ ጋቢው። ወደ መሬቱ እያየ «ምን እያደረግን ነው?» አለኝ።

«እስኪያልፍ እየጠበቅን ነው።»

«ምኑ?»

«አይሮፕላኑ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «የታለ?»

«የለም።»

«እሺ» አለና መልሶ ተጋደመ። «ላልመጣ አይሮፕላን እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው? ጭዱ አፍንጫዬ ገባ እኮ።»

ታዲያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ገበያ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፣ ስስቅ ደግሞ ለቅሶው አብሮ መጣ፣ እና ሁሉንም ነገርኩት። እንደተኛን።

«ለቄስ ሞላ እንንገራቸው» አለ። «ያዝኑልናል።»

«እህቶቼስ?» አልኩት። አንድ ጭድ አንስቶ ሰበረ። ሁለታችንም እናውቃለን፤ እውነቱ ካልተነገረ፣ ብፅዓት ያፈረሰች ሴት የሚያገባ ዲያቆን በቁርባን አያጋቡትም፣ ቄስም አይሆንም። ከልጅነቱ የተማረው ሁሉ ለዚያች ቀን ነበር። ዓይኑ ሲሞላ አይቻለሁ፤ ካሳሁን ምንም አልመሰለውም ብዬ አልዋሻችሁም። ኋላ ግን አፈሩን ከደረቱ እያራገፈ ተነሳ።

«ላሊበላ ቄስ ጠፍቶ ያውቃል?» አለ።

በቀበሌ ተጋባን። ሊቀ መንበሩ ደስታውን አልቻለም፤ «ከኋላ ቀር አስተሳሰብ የተላቀቀች ጓድ» አለኝና ለሴቶች ማኅበር ንግግር ካላደረግሽ ብሎ ያዘኝ። ያጨበጭቡልኛል ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ፤ ጭብጨባም እኮ ይጮሃል። ካሳሁን «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጉሮሮዋን አሟታል» ብሎ አስጣለኝ።

ከዚያ ምን ሠራ? ጧፍ። እሱ ሊቀድስበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ ሸጠ። ማህሌት ሲቆም ከቅጥሩ ውጭ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሰው ያልፍና «አያ ካሳሁን፣ ከመድኃኔዓለም እጅ ነጥቀህ» ይለዋል። እሱ «ላላ አድርጎ ይዟት ነበር፣ ምን ላድርግ» ይላል። ይስቃል፣ ያስቃቸዋል። ማታ ቤት ሲገባ ግን ያልተሸጠውን ጧፍ ደጋግሞ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ደርግ ወደቀ፣ አይሮፕላኑም ቀረ፣ እኔ ግን መውደቄ አልቀረም። እሱም አጠገቤ መጋደሙን አልተወም፤ ሸምግሎም፣ ጉልበቱ እንቢ እያለው፣ «እስቲ ጠጋ በይ» እያለ ይጋደማል። ኋላ ደሴ ወስዶኝ ሐኪም አየኝ፣ መድኃኒት ሰጠኝ፣ «ብዙ ሰው እንዳንቺ ነው» አለኝ። ብዙ ሰው። እኔ እኮ ብቻዬን መስሎኝ ነበር። እያደር ቀለለልኝ፣ ነጭም ለበስኩ።

ታዲያ ያኔ መናገር ነበረብኝ። እህቶቼ ሁሉ አግብተዋል፣ ወልደዋል፣ እናቴም አርፋለች፤ የምጠብቀው ሰው አልነበረም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። እሱ አንድ ቀንም ተናገሪልኝ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እናገር ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ። በሩን ክፈቱት እስቲ፣ ታፈንኩ። አይ፣ ተዉት፣ ይዘጋ።

ይኸን ብዬ ስጨርስ ሰናይት ናት ቀድማ የተናገረችው። «እና እትዬ፣ እሁድ ቄሱ ያንን ደግመው ቢሉስ?»

«አይሉም። ሳይጀምሩ እነሳለሁ። መነኩሴ ሆኜ አልነጠቀኝም፣ ታምሜ ነው ያገባኝ፣ ይኸው እላለሁ።»

«ሕዝብ ፊት?»

«ሕዝብ ፊት ነው አሜን ያልኩት።»

«እብድ ነበረች ይሉሻል እኮ።»

«ይበሉኛ። እሱን ግን ነጣቂ አይሉትም።»

ሰናይት ምስሩን ወዲያ ወዲህ አለችው። ሌሊት መብራት አጥፍታ መተኛት እንደማትችል የማላውቅ መስሏታል። «እኔ ግን ስለራሴ አልናገርም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አልኳት። «አጠገቤ ትቆሚያለሽ። ጉልበቴ ከከዳኝ ትይዥኛለሽ።»

«ከወደቅሽስ?»

«ከወደቅሁማ አብረሽኝ ትጋደሚያለሽ፣ ቄሱም ይጠብቁናል» አልኳት፣ እና ሁላቸውም ሳቁ፣ እሷም ጭምር።