በዘራችን የለም

ደሴ፣ ሆስፒታል ኮሪደር፣ ረፋድ ላይ፤ ትርሲትና የአባቷ ታላቅ ወንድም አቶ ቢተው አሁን ከወጡበት የዶክተሩ ክፍል በር ላይ ቆመዋል።

ትርሲት፦ ይመለሱና እውነቱን ይንገሩት ጋሼ! «እንዲህ ያለ በሽታ በዘራችን የለም» ብለው የሰውየውን አፍ ዘጉት እኮ።

አቶ ቢተው፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ጠየቀኝ፣ መለስኩ።

ትርሲት፦ ዋሹ እንጂ የት መለሱ! አክስቴ እታገኝ በምን ሞተች?

አቶ ቢተው፦ ምች መታት።

ትርሲት፦ አያቴስ?

አቶ ቢተው፦ ከበቅሎ ወደቀ።

ትርሲት፦ ግማሽ ጎኑ ከድቶት ነው የወደቀው፤ እናቴ ነግራኛለች። ሁለቱም በአባቴ ዕድሜ!

አቶ ቢተው፦ እናትሽ መቼ አፏ አርፎ ያውቃል።

ትርሲት፦ ደም የፈሰሰበትን የአባቴን ጭንቅላት ፎቶ አብረን አይደል ያየነው? ከኋላ በኩል ደም ሥሮቹ ኖራ እንደተቀቡ ነጥተዋል። «በሰማንያ ዓመቱ ቢሆን እርጅና ነው እል ነበር፤ በሃምሳው ግን ከዘር የወረደ ሊሆን ይችላል» አለ ዶክተሩ።

አቶ ቢተው፦ ኖራ! ሰው ግድግዳ ነው እንዴ?

ትርሲት፦ ይቀልዱ። በዘራችሁ ከሌለ ለልቡ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ልጀምርለት ነው ብሏል። ካለ ግን ያው መድኃኒት ጭንቅላቱ ውስጥ እንደገና ደም ያፈስበታል። ይገድለዋል ጋሼ!

አቶ ቢተው፦ እሁድ ሽማግሌ የሚመጣው ለማን ሆነና? «ዘራቸው ናላቸውን ይመታቸዋል» ከተባለ ደጃችንን ማን ይረግጣል? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ።

ትርሲት፦ ስማችን ከመቃብር በላይ እንዲውል አባቴን መቃብር እንክተተው?

አቶ ቢተው፦ አፍሽን ያዢ!

ትርሲት፦ አልይዝም። በየጋብቻው የሰው ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እርስዎ አይደሉ? የጎረቤታችንን ልጅ «አያቷ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው» ብለው ያስቀሯት እርስዎ አይደሉ? የራስዎ ቤት ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋ?

አቶ ቢተው፦ እሱን ነው የምፈራው። ያስቀረሁት ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይቆጥረኛል።

ትርሲት፦ ይቁጠሩዋ! ሽማግሌዎቹን እንደሆነ ጠዋት ደውዬ እንዳትመጡ ብያቸዋለሁ። ለእኔ ብለው የሚደብቁት ነገር የለም።

አቶ ቢተው፦ ማንን ጠይቀሽ?

ትርሲት፦ አባቴን እንዳልጠይቅ አይሰማኝም። እኔ ብቻዬን ብናገር ደግሞ ዶክተሩ «ታላቁ ሰውዬ የለም ብለዋል» ይለኛል። በሩ ይኸው፤ ይክፈቱትና እንግባ።

አቶ ቢተው፦ አንቺ ክፈቺው። ከፋሲካ ወዲህ ይሄ ቀኝ እጄ መጣ ሄድ እያለ ይደነዝዛል፤ እጀታ አይጨብጥልኝም።